እናቷን ሳታዩ ቡችላዋን አትግዙ

ሰሞኑን ከአሜሪካ ከሚጽፉልኝ አንባቢዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ሚኒየቸር ፑድል ስለሚባለው ፀጉረ ጥቅልል ትንሽ የውሻ ዝርያ ነው። ልጆች ውሻ ይገዛልን ብለው ወላጆቻቸውን ያስጨንቃሉ፤ ወላጆች ደግሞ ከማን እንደሚገዙ ግራ ገብቷቸዋል። የጋራ የሆኑትን ጥያቄዎች መርጬ እነሆ መልሴ።

«ቤት ውስጥ ያደጉ ቡችሎች» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ሄደው በዓይንዎ በማየት። ቡችሎቹ የሚተኙት ሳሎን ወይም ወጥ ቤት አጠገብ ነው ወይስ ጋራዥ ውስጥ? እናታቸውስ አብራቸው አለች? «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» የተባለው ለጋብቻ ቢሆንም እዚህም ይሠራል፤ እናትየው እንግዳ ስታይ የምትደበቅ ወይም የምትናከስ ከሆነች ጠባይዋ ወደ ልጆቿ ሊተላለፍ ይችላል። እናትየውን ላለማሳየት ሰበብ የሚያበዛ ሻጭ ካጋጠመዎት አመስግነው ይውጡ።

ቤት ውስጥ ማደጉ ይህን ያህል ቁም ነገር የሆነበት ምክንያት አለ። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው በዋናነት ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በነዚያ ሳምንታት የልጆች ጩኸት፣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን፣ የበር ደወልና የእንግዳ እጅ የለመደ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥም። ቡና ሲፈላ ዘመድና ጎረቤት ለሚሰበሰብበት ቤታችን የሚስማማው እንዲህ ያለው ነው። በረት ውስጥ ብቻውን ያደገውን በኋላ ማስለመድ ብዙ ልፋት አለው፤ አንዳንዱም ፍርሃቱ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም።

ሻጮቹን አንድ ጥያቄ ጠይቀው ይፈትኗቸው፦ «የቡችላውን ፊትና እግር መላጨት መቼ ጀመራችሁ?» ይበሏቸው። የፑድል ፀጉር ማደጉን ስለማያቆም ውሻው ዕድሜውን ሙሉ በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ይስተካከላል። ጥሩ አራቢ ቡችላው ገና በእጁ ሳለ የመቁረጫውን ድምፅ ያስለምደዋል፤ መልሱም ወዲያው ከአፉ ይወጣል።

አራቢውም በተራው እርስዎን ቢጠይቅ ቅር አይበልዎት። ቀን ቀን ቤት ማን አለ? ልጆቹ ስንት ዓመታቸው ነው? ባይመቻችሁ ውሻውን ለእኔ ትመልሱታላችሁ? እንዲህ የሚጠይቅና የመጨረሻውንም በውሉ ላይ የሚጽፍ ሰው ቡችላው የት እንደሚውል ግድ የሚለው ሰው ነው።

ሻጩ «የኤኬሲ ወረቀት አለው» አለኝ። ይበቃል? (ከአሌክሳንድሪያ)

አይበቃም። ኤኬሲ የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግብ የአሜሪካ ማኅበር ነው፤ ወረቀቱ የዘር ሐረጉን እንጂ ጤንነቱን አይናገርም። በሚኒየቸር ፑድል የሚታወቁት ችግሮች የጉልበት ሎሚ ከቦታው መውጣት፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ጉድለትና ቀስ በቀስ ዓይን የሚያሳውር የሬቲና በሽታ ናቸው። ስለዚህ የሁለቱንም ወላጆች የምርመራ ውጤት ይጠይቁ። ኦኤፍኤ የሚባለው የውሾችን የጤና ምርመራ የሚመዘግብ ድርጅት ብዙ ውጤቶችን በይፋ መዝገቡ ላይ ስለሚያወጣ የውሻዋን ስም አስገብተው ራስዎ ማመሳከር ይችላሉ። የዳሌ የመጨረሻ ማረጋገጫ ውሻ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ስለማይሰጥ፣ ከዚያ ዕድሜ በታች ያለች እናት ካዩ ለምን ቸኮላችሁ ብለው ይጠይቁ።

የዓይኑን በሽታ በተመለከተ «ተሸካሚ» የሚል ውጤት ቢያዩ አይደንግጡ። ተሸካሚ ማለት ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ፣ ራሱ ግን የማይታመም ነው፤ በሽታው የሚመጣው ከሁለቱም ወላጆች ሲወረስ ነው። አንዱ ተሸካሚ፣ ሌላው ነፃ ከሆነ ልጆቻቸው በዚያ በሽታ አይታወሩም፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ ግን በአማካይ ከአራቱ አንዱ ይታመማል።

ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ በ600 ዶላር አገኘሁ። ቀብዱን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) ላክና በአውሮፕላን እንልክልሃለን አሉኝ። (ከአትላንታ)

ልጄ፣ አትላክ። ይህ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ገንዘቡ እንደደረሳቸው የማጓጓዣ ሣጥን፣ የኢንሹራንስ፣ የክትባት እያሉ ሌላ ይጠይቁሃል፤ ቡችላ ግን የለም። ፎቶውን በምስል ፍለጋ አስገባው፤ ሌላ ቦታ በሌላ ስም ልታገኘው ትችላለህ። በቪዲዮ ደውለው ቡችላውን ከነእናቱ በቀጥታ እንዲያሳዩህ ጠይቅ፤ እምቢ ካሉ ነገሩ አለቀ።

ሻጯ የመንግሥት ፈቃድ የላትም። ልሽሻት? (ከሲያትል)

በዚህ ብቻ አይሽሿት። በፌዴራሉ ሕግ አራት ወይም ከዚያ በታች የሚወልዱ እንስት ውሾች ብቻ ያሉት፣ እቤቱ የተወለዱትንና ያደጉትን ብቻ የሚሸጥ አራቢ ከፈቃድ ነፃ ነው፤ ብዙ ጥሩ የቤት አራቢዎችም በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ማለት ግን የፌዴራል ተቆጣጣሪ ቤቷን አያይም ማለት ነውና ማየቱ የእርስዎ ድርሻ ነው።

«ቲካፕ ፑድል» የሚሉትስ?

ኤኬሲ የሚያውቀው ስታንዳርድ፣ ሚኒየቸርና ቶይ የሚባሉትን ሦስት መጠኖች ብቻ ነው። «ቲካፕ» የገበያ ስም ነው። ከመጠን በላይ ያነሱ ቡችሎች ስኳራቸው በድንገት ይወርዳል፣ አጥንታቸውም በቀላሉ ይሰበራል። አይግዙ።

እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጸሎት በሚደረግበት ቤት ውሻ አይገባም ትላለች። ልጆቼ ደግሞ ያለቅሳሉ። (ከዳላስ)

እናትዎ እሺ ሳይሉ ቡችላ አያምጡ። በየቀኑ የሚያስከፋቸው ነገር ቤት ውስጥ ከገባ እሳቸውም ውሻውም ይጎዳሉ። ውሻው የማይገባበት ክፍል መለየት ያስማማችሁ እንደሆነ ይጠይቋቸው፤ የሃይማኖቱን ጉዳይ ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። ሚኒየቸር ፑድል ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል፤ ጥቂት ወራት መታገሥ አይከብድም። ከተስማሙ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር አደራ ይበሏቸው፦ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ለውሻ መርዝ ነው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እናቶቻችን ፍቅራቸውን የሚገልጹት በማጉረስ ስለሆነ ይህን ከመጀመሪያው ቀን መናገር ይሻላል።

ለገና አዲስ አበባ ስንሄድ ቡችላውን ይዘን ብንሄድስ? (ከላስ ቬጋስ)

መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው የሚቸግረው። ኢትዮጵያ አሜሪካ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ነው ካለችባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ማንኛውም ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር ሊሞላውና ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ሊኖረው ይገባል። ከነዚህ አገሮች ሲመጣ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መከተቡን የሚያረጋግጥ፣ ከመነሳትዎ በፊት በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የጸደቀ ሰነድ ያስፈልገዋል። የአራት ወር ቡችላ ይዘው ቢሄዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ አብሮዎት መመለስ አይችልም። ዘንድሮ የሚያምኑት ሰው ዘንድ ይተዉት፤ ለአራቢዋም ይደውሉላት፣ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ቡችሎች ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይቀበላሉ።