ዱባይ ላይ ገና ከበር ስወጣ ፀጉሬ ይንጨባረራል ላልሽው

ሳይደርቅ ነው መያዝ ያለበት፣ እህቴ።

1. ታጥበሽ ውሃው ገና እየተንጠባጠበ፣ ሳይታጠብ የሚተወውን ኮንዲሽነር ቀቢው። በላዩ ጄል።
2. በፎጣ አትሹው። በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው።
3. ቤት ውስጥ ይድረቅ። እስከዚያ እጅሽን አታስገቢበት!

የቅባቱን ጀርባ አንብቢ። ግሊሰሪን ከዝርዝሩ መጀመሪያ አካባቢ ከተጻፈ ተዪው። በነሐሴ ዱባይ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ፀጉሩን ያሳብጠዋል።

ሃምሳን ስናልፍ ደግሞ የራስ ቅላችን ቆዳ ወዙ ይቀንሳል፣ ፀጉሩም ይደርቃል። ስለዚህ ሻምፖ አታብዢ።

ፒያስትራ ግን ተጠንቀቂ። እኔ ልገላገል ብዬ ስተኩሰው የፊት ሽበቴ ቢጫ ሆነ። ጥቅልሉም ታክሲ ሳልይዝ ተመለሰ።