ዳቦው አረረ፣ ፎርማጆው አልቀለጠም

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ቤት ውስጥ ቱና በፎርማጆ ሳንዱች ስሠራ ዳቦው ከውጭ ያርራል፣ ከውስጥ ይላሽቃል። ፎርማጆው ደግሞ አይቀልጥልኝም። አንድ ቀን ፎርማጆ አጥቼ በአይብ ሞከርኩት፣ እሱም እምቢ አለኝ። ኦቨን የለኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ኦቨን የለኝም። በዚህ በድሬ ሙቀት ኦቨን ለኩሶ ማን አጠገቡ ይቆማል? መጥበሻና ክዳን ይበቃሻል።

ዳቦሽን የሚያላሽቀው የቱናው ውሃ ነው። እኔ ወንፊት ላይ ገልብጬ በማንኪያ ጀርባ ጭምቅ አደርገዋለሁ። አንዴ እንግዳ መጣብኝና ቸኩዬ ሳልጨምቅ ሠራሁት። ሰውዬው አንዴ ሲገምጥ ውሃው በክርኑ ወረደ። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰው፣ አቦ!

160 ግራም የሚለው ጣሳ ለሁለት ሳንዱች ይሆናል። ሁለት ማንኪያ ማዮኔዝ፣ ደቆ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣ ቃሪያ፣ ቁንዶ በርበሬ ቆንጠር አድርገሽ ለውሺው። ሎሚ ጠብ ጠብ ብቻ። ቲማቲም ካማረሽ ከጎን ብዪው፤ ውስጥ ከገባ ያው ውሃ ነው።

አይቡን ተዪው። አይብ አሬራ በእሳት ሞቆ የረጋ ስለሆነ ቢያሞቁት ይደርቃል እንጂ አይቀልጥም። ፎርማጆውንም በቁራጩ አታስገቢው፣ ፈቅፍቂው። ከቱናው በታችም በላይም በትኚው፤ ከታች ያለው ዳቦውን ከእርጥበት ይከልልልሻል።

ዳቦው የትናንት ፉርኖ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ትኩሱ ቶሎ ይርሳል። የገበታ ቅቤ ከውጭ በኩል ቀቢው። የወጥ ቅቤ እንዳታደርጊ፣ ኮረሪማው ቱናውን ይውጠዋል። እሳቱን ዝቅ አድርገሽ ክደኚና አራት ደቂቃ ያህል ተዪው። ገልብጪውና ያለ ክዳን ትንሽ ጨምሪለት። ያንቺ የሚያርረው እሳቱ ስለሚበዛ ነው፤ ፎርማጆው ሳይሰማው ዳቦው ይጠቁራል። መብራት ከጠፋ በከሰልም ይሆናል፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ከታገሥሽ።

የተረፈውን ቱና በጣሳው አታስቀምጪው፤ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠሽ ፍሪጅ አስገቢ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ውጭ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ያው የሳቢያንን ቀትር ታውቂዋለሽ።