ፋኑን ከመቀየርዎ በፊት፦ የፒካፕ ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተነጋግረው የመጡ ይመስላሉ። አብዛኞቹ ስለ ፒካፕ ሞተር ማቀዝቀዣ ፋን ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«የፒካፔ ፋን አንድ ክንፉ ተሰነጠቀ። መካኒኩ "አውጥተን በኤሌክትሪክ ፋን እንተካው፣ ነዳጅ ይቆጥብልሃል" አለኝ። እኔ ግን ዳገት የበዛበት መንገድ ላይ ጭነት የምጭን ሰው ነኝ። ምን ይሻለኛል?»

መካኒክዎ አልዋሹም። ሞተሩ የሚያዞረው ፋን ጉልበት ይበላል። የፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚፈልገው ጉልበት ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ለዚህም ነው ብዙ ፒካፖች ላይ ፋኑ በቀጥታ ሳይሆን በፋን ክላች የሚታሰረው። ክላቹ ውስጥ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። ፊቱ ላይ የተጠቀለለች ስፕሪንግ አለች። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲግል ስፕሪንጓ ትንቀሳቀስና ለዘይቱ መንገድ ትከፍታለች፤ ክላቹ ይይዛል፣ ፋኑ ይፈጥናል። አየሩ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለቃል።

ስለዚህ ሜዳ ላይ በጥሩ ፍጥነት ሲነዱ ክላቹ አብዛኛውን ጊዜ ለቆ ነው የሚሄደው። ቁጠባው እንደሚወራው አይደለም። ደግሞ የኤሌክትሪኩም ፋን ኃይሉን የሚያገኘው ከዲናሞው ነው፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ያው ሞተሩ ነው።

የኤሌክትሪኩ ጥሩ ጎን ሌላ ነው። መንገድ ተዘጋግቶ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ) ሲዞርም በሙሉ አቅሙ ይነፍሳል። ባዶ መኪና ይዘው ከተማ ውስጥ የሚመላለሱ ቢሆን ኖሮ አልከራከርዎትም ነበር። እርስዎ ግን ጭነው ዳገት ይወጣሉ። ያኔ ሞተሩ በከባድ ማርሽ እየጮኸ ነው፤ ሙቀቱ ብዙ ነው፤ መኪናው ስለሚያዘግም ከፊት የሚገባው ንፋስ ትንሽ ነው። በሞተሩ የሚዞረው ፋን እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታወቀው፤ ሞተሩ በጮኸ ቁጥር እሱም አብሮ ይፈጥናል። እኔ ብሆን ፋብሪካው የገጠመውን ዓይነት እመልሳለሁ።

የተሰነጠቀውን ክንፍ ደግሞ በሙጫም በብየዳም እንዳያስጠግኑት። ፋን ሚዛኑ ከተዛባ የዋተር ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። ክንፉ ከተገነጠለ ራዲያተሩን ይበሳል፣ አጠገቡ የቆመ ሰውንም አይምርም። እስኪቀየር ሞተሩን አያስነሱት።

«ጋሼ፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ ፋን አገኘሁ። ስፋቱ ከኔ ጋር እኩል ነው። ልግጠመው?»

ስፋት ብቻ አይበቃም ልጄ። መጀመሪያ የሚዞርበትን አቅጣጫ እይ። አንዳንድ ሞተር ላይ ቺንጋው በጀርባው ስለሚያዞረው ፋኑ በተቃራኒው ይዞራል። የክንፎቹ ጥምዘት ለዚያ ካልተሠራ አየሩን ወደ ራዲያተሩ መልሶ ይገፋዋል። ከዚያ የመሃል ቀዳዳውንና ቡሎኖቹን አመሳስል። ጥልቀቱንም ለካ፤ ከክንፉ ወርድ ግማሽ ያህሉ በዙሪያው ካለው የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ መሆን አለበት። ያገለገለ ፋን ከሆነ ደግሞ የእያንዳንዱን ክንፍ ሥር በደማቅ ብርሃን ተመልከት። ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

«ያን ሽፋን ጥዬ ብነዳስ?»

አይሆንም። ያለ እሱ ፋኑ አየሩን በራዲያተሩ በኩል መሳቡን ትቶ ሞተሩ አካባቢ ያለውን የጋለ አየር መልሶ መላልሶ ያዞረዋል።

«ፋኑ ደህና ይመስላል። የሞተው ክላቹ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ ፋኑን በእጅዎ ገፋ ያድርጉት። ትንሽ እየከበደ ዞሮ ቶሎ ከቆመ ደህና ነው። ብዙ ዙር በነፃነት ከተሽከረከረ ዘይቱን ጨርሷል። ጭራሽ አልዞር ካለም ነክሷል ማለት ነው፤ ያኔ ሁልጊዜ እየጮኸ ጉልበት ይበላል። ክላቹ ዙሪያ ቅባት የያዘ አቧራ ካዩም ዘይቱ ማፍሰስ ጀምሯል። ጠዋት ሲያስነሱት ለአፍታ ጮኾ ዝም ቢል ግን አይደንግጡ። ሌሊት መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ቦታውን ስለሚለቅ ነው።

አዲስ ክላች ከገዙ እስኪገጠም ድረስ መኪናው ላይ እንደሚሆነው አቁመው ያስቀምጡት። በጀርባው አያጋድሙት።

«የኤሌክትሪኩን ገዝቼዋለሁ፤ አበቃ። አሁን ምን ልጠንቀቅ?»

እሺ፣ ከተገዛ ተገዛ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የአየር መጠን ብዙ አይመኑት፤ ብዙውን ጊዜ የሚለካው ፊቱ ራዲያተር ሳይኖር ነው። ትልቅ ፋን በሥራ ላይ ከ20 እስከ 40 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ በላይ። ስለዚህ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) እና በፊውዝ፣ በወፍራም ሽቦ ይሠራ፤ ዲናሞውም ይህን መሸከሙ ይረጋገጥ። ፋኑ የሚነሳበት ሙቀት ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) ከሚከፍትበት ከፍ ይበል። ቴርሞስታቱ በ82 ዲግሪ የሚከፍት ከሆነ ፋኑ በ90 እና በ95 መካከል ቢነሳ ጥሩ ነው። ዝቅ ካደረጉት ማረፍ የለውም። በራዲያተሩ ክንፎች መሃል በሚሾልኩት የፕላስቲክ ማሰሪያዎችም አያስሩት። እየተንቀጠቀጠ የራዲያተሩን ቱቦ ይበሳዋል። በብረት ድጋፍ ከአካሉ ጋር ይታሰር።

ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ከመነካካትዎ በፊት የባትሪውን ገመድ ይንቀሉ።

«ፋኑንም ክላቹንም ቀየርኩ። ሙቀቱ ግን ያው ነው። ተታለልኩ?»

መቼ ነው የሚሞቀው? ቆሞ ወይም ሲያዘግም ከሆነ ፋኑን መጠርጠር ያስኬዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ ባለበት ከሆነ ግን ከፊት የሚገባው ንፋስ ከፋን ያላነሰ ይሠራል፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የተደፈነ ራዲያተር፣ የማይከፍት ቴርሞስታት፣ የጎደለ ውሃ፣ ሲከፋም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል።

እኔም በአንድ ወቅት ፋን ቀይሬ፣ ክላች ቀይሬ፣ ቀጥሎ ራዲያተር ልገዛ ስል ነበር ከራዲያተሩ ፊት ያለውን የኤሲውን ማቀዝቀዣ፣ ኮንዴንሰሩን፣ ያስፈታሁት። በእሱና በራዲያተሩ መሃል ጭቃና ሣር ተጋግሮ ግድግዳ ሠርቷል። በውሃ ታጥቦ አለቀ። አሮጌው ፋን ምንም አልነበረውም፤ አሁን ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።