አረሙ ቶሎ ቶሎ ለሚመለስብሽ እህቴ

ሰላም እህቴ። «በየሳምንቱ ጓሮዬን እየቆፈርኩ አጸዳለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አረሙ ተመልሶ ይወርሰዋል፤ ምን መድኃኒት ልርጭበት?» ያልሽውን አየሁት። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ በዚሁ ተንገላትቻለሁ። መድኃኒቱ ይቆይና መጀመሪያ ቁፋሮውን ተዪው።

አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ የሚቆይ ብዙ የአረም ዘር አለ። ከደቃቁ ዘር አብዛኛው ደግሞ ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ ዝም ብሎ ይተኛል። አፈሩን በገለበጥሽ ቁጥር ከታች የተኛውን ወደ ላይ ታወጪዋለሽ። እኔ ይሄ የገባኝ በአጋጣሚ ነው። አንድ ጊዜ የመደቡን ግማሽ ቆፈርኩና ደከመኝ፤ የቀረውን በእጄ ብቻ ነቅዬ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት የቆፈርኩት ጣት ማስገቢያ እስኪጠፋ ተሸፈነ። ያልቆፈርኩት ላይ እዚህም እዚያም አንዳንድ ብቻ በቀለ።

አሁን አፈሩን ከላይ ከላይ ብቻ ነው የምጭረው፤ መኮትኮቻዬ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አይገባም። አረሙ ገና እንደ ነጭ ክር ብቅ ሲል፣ ወይም ሁለት ቅጠል ብቻ ሲኖረው፣ ፀሐይ ያለበትን ጠዋት መርጠሽ ጫሪው። ማታ ደርቆ ታገኚዋለሽ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሆነ ግን ልፋትሽ ከንቱ ነው፤ መልሶ ሥር ይሰዳል። ያደገውን አረም ደግሞ አፈሩ ሲርስ ንቀይው፤ ከነሥሩ ይወጣልሻል። ጊዜ ካጠረሽ አበባ ያወጣውን አስቀድሚ፤ ዘሩን ካራገፈ ለሚቀጥሉት ዓመታት ሥራ ጨመረብሽ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ መሬቱን ማልበስ ነው። በችግኞቹ መካከል ጭድ ወይም የደረቀ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጎዝጉዢ። ችግኙ ግንድ ሥር ትንሽ ክፍት ቦታ ተዪ፤ እርጥበት ተጠግቶት እንዳይበሰብስ። መሄጃውን እኔ በካርቶን ነው የሸፈንኩት፤ ፕላስቲኩን ልጬ፣ በውኃ አርሼ፣ ጫፍና ጫፉን አደራርቤ። አንድ ዓመት ዘር ያፈራ ሣር ጎዝጉዤ አረሙን በገዛ እጄ አስገብቻለሁና ከምትጎዘጉዢው ውስጥ ዘር እንዳይኖር በደንብ እይ።

ሰርዶ ካለብሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥሩ ነጭ ነው፣ ጫፉ ሹል፣ በየመሃሉ አንጓ አለው። ከእያንዳንዱ አንጓ አዲስ ሰርዶ ይወጣል። ስለዚህ በአካፋ ከቆራረጥሽው አበዛሽው ማለት ነው። እዚህ ላይ ብቻ መቆፈር ይፈቀድልሻል፤ ያውም በመንሽ፣ ቀስ ብለሽ አፈሩን እያላላሽ፣ ሥሩን በእጅሽ እየተከተልሽ። እኔ ያወጣሁትን ብስባሹ ጉድጓድ ውስጥ አልጨምረውም። ድንጋይ ላይ አስጥቼ ስመታው እስኪሰበር አደርቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ብቅ ባለ ቁጥር ተመለሺበት።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ አትክልት መሃል ባትረጪ ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ አረሙን ከተክልሽ አይለዩም፣ ትንሽ ነፋስ ከመጣም ወደ መደቡ ይወስደዋል። ጨው ነስንሺ የሚሉሽንም እባክሽ አትስሚ፤ አፈሩን ያበላሽብሻል።

እስቲ ከበዛብሽ አረም አንዱን ከሥሩ አውጥተሽ እይው። አንጓ ያለው ነጭ ሥር ነው ወይስ ቀጭን ጸጉር የመሰለ? ንገሪኝና ከየት እንደምትጀምሪ እንነጋገራለን።