«ልጆቹ ሆዳቸውን የሚያራግፉት እኔ ላይ ነው፤ ካውንስለር ልሁን?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በዲፕሎማ ተመርቄ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ከእኔ አይለዩም። እናቱ አረብ አገር የሄደችበትም፣ አባቷ ጥሎ የጠፋባትም፣ ሁሉም ችግሩን ይዞ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ርዕሰ መምህሩ ይህን አይቶ «የአንድ ሳምንት ስልጠና እናስገባሽና የምክር አገልግሎት ክፍሉን ያዥልን» አለኝ። እኔ ግን በደንብ ተምሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ካውንስለር መሆን ነው የምፈልገው። ከየት ልጀምር? ዕድሜዬ 31 ነው፤ አልረፈደም?
መምህርቷ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ኧረ አቦ፣ በ31 ዓመት ምን ይረፍዳል! ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይወደድ እኔም «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ የአንድ ሳምንቱን ጉዳይ እንጨርስ። ስልጠናውን ውሰጂ፣ አይጎዳሽም። ግን እሱን ብቻ ይዘሽ ክፍሉን አትረከቢ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ማዳመጥ ሲነግሩሽ ከርመው፣ ሰኞ ጠዋት አንዲት ልጅ በሩን ዘግታ የቤቷን ጉድ ስትዘረግፍልሽ፣ ምን እንደምትጽፊ፣ ለማን እንደምትደውዪ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምን መጠየቅ እንደሌለብሽ ካላወቅሽ፣ ልጅቷንም ራስሽንም ጣጣ ውስጥ ትከቻለሽ።

ትክክለኛው መንገድ የሳይኮሎጂ ዲግሪ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደጃፍሽ ላይ ነው፤ ሐረማያም ደንገጎን ከወጣሽ ሩቅ አይደለም። የክረምትና የቅዳሜና እሁድ መርሃ ግብሮች በየዓመቱ ስለሚለያዩ፣ የጓደኛ ወሬ ሰምተሽ ከመወሰንሽ በፊት ራስሽ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። የግል ኮሌጅ ካሰብሽ ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያው ትምህርት ክፍል፣ ለዚያው ካምፓስ የተሰጠ ፈቃድ እንዳለው ወረቀቱን በዓይንሽ ሳታዪ ሳንቲም እንዳትከፍዪ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ኮሌጁ ቢያጨበጭብልሽም ፈተናው አያጨበጭብልሽም። ከዲግሪው በኋላ በካውንስሊንግ ሁለተኛ ዲግሪ ብትቀጥዪ ሸጋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ለዚያም አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና እንዳለ አስቢ።

ትምህርቱ ላይ የልጆች ዕድገት፣ የባህርይ ችግሮች፣ የካውንስሊንግ ንድፈ ሐሳብ፣ ምዘና ይኖራል። ስታትስቲክስም አለ። ብዙ ሰው ሳይኮሎጂ የሚገባው ከሒሳብ ሊያመልጥ ነው፤ አያመልጥም።

ከባዱ ግን እሱ አይደለም። አንቺን የሚፈትንሽ አስተማሪነትሽን ከበር ውጭ ትተሽ መግባቱ ነው። ምክር የሚሰጥ ሰው ድሬ ላይ ጠፍቶ አያውቅም፤ ልጁ ጎረቤትም ዘመድም ባለሱቁም ሲመክሩት ነው የሚውለው። አንዲት ተማሪሽ «አባዬ ከሄደ በኋላ እማዬ አታወራም» አለችሽ እንበል። አፍሽ ላይ የሚመጣው «አይዞሽ፣ አንቺ ጎበዝ ተማሪ ሁኚላት» ነው። ልጅቷ «እሺ ቲቸር» ብላ ትወጣለች፤ በዚያው ቀረች። «ቤቱ ጭር ብሎብሻል» ብለሽ ዝም ብትዪስ? ዝም ስልሽ እውነቴን ነው፣ ጭጭ። መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፤ እጅሽን የምታደርጊበት ይጠፋሻል። ዋናው ወሬ ግን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካርል ሮጀርስ የሚባለው አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ ሰውን ከሚለውጡት ነገሮች መካከል ስሜቱን መረዳትን፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበልንና አለማስመሰልን አንስቷል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ቁጣ ለለመደ መምህር ግን ልምምዱ ዓመታት ይፈጃል።

ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ሰሞኑን ይጨንቀኛል» አይልሽም። ሆዴን አመመኝ ይልሻል። ይማታል። እርሳስ ይሰርቃል። በዚያ ዕድሜ ሐሳቡ በሚዳሰስና በሚታይ ነገር ላይ ስለሆነ ወረቀትና ቀለም፣ ጭቃ፣ አሻንጉሊት የሥራ ዕቃሽ ናቸው። «ቤታችሁን ሳልልኝ» ብለሽ እናቱን የት እንዳስቀመጣት ማየት ትችያለሽ። ግን ከአንድ ስዕል ተነስተሽ የምርመራ ውጤት እንዳትጽፊ። ይሄ ነገር በየቦታው በዝቷል፤ ልጁ ጥቁር ቀለም ስለተጠቀመ ብቻ «ተጨንቋል» ይሉሻል፣ ቀዩ አልቆበት ሊሆን እንደሚችል ማንም አያስብም።

ቋንቋም አለ። የድሬ ትምህርት ቤቶች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ነው የሚያስተምሩት፤ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ሲማር የሚውል ልጅ ሲያለቅስ ግን በእናቱ ቋንቋ ነው። አንዱን እንኳ ጨምረሽ ልመጂ። አቀላጥፈሽ ባትናገሪውም «ምን ሆንክ?» የሚለውን በልጁ ቋንቋ ማለት ብዙ በር ይከፍታል።

አሁን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ወደምትጣዪበት ነገር ልምጣ። ክፍሉን በያዝሽ ማግስት ዩኒት ሊደሩ የረበሸውን ሁሉ እየጎተተ «ምከሪልኝ» ብሎ ያመጣልሻል። አርፋጁን አንቺ፣ ዩኒፎርም ያልለበሰውን አንቺ፣ ወላጅ አምጣ የተባለውን አንቺ። እሺ ካልሽ አለቀልሽ። ልጆቹ ያንን በር የቅጣት በር ነው ብለው ያስባሉ፤ ሆዱ የባሰው ልጅ ድርሽ አይልም። ስለዚህ ሳትጀምሪ በፊት ቅጣትና ምክር የተለያየ ሰው እንደሚይዛቸው በጽሑፍ ተስማሙ። ዱላ ደግሞ ጭራሽ አይነሳ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ምስጢር ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ለልጅ ቃል አትግቢ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል፤ አንቺን የሚጎዳ ነገር ካለ ግን ብቻዬን አልይዘውም፣ ለማን እንደምናገር መጀመሪያ ላንቺ እነግርሻለሁ» በያት። ጥቃት ደርሶባት ከሆነ መርማሪ አትሁኚ። ያለችውን በራሷ ቃል ጻፊ፣ ደጋግማ እንድትተርክ አታድርጊ፣ ተጠርጣሪውን ጠርተሽ አትጠይቂ። ፖሊስ ጋ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተል ክፍል አለ። ተደፍራ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ሆስፒታል፤ ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። በዚህ መሃል «ገመናችን አይውጣ፣ በሽማግሌ እንጨርሰው» የሚል ዘመድ ይመጣል። ሽምግልናን አከብራለሁ፤ ልጅ የተደፈረችበት ጉዳይ ግን የሽማግሌ አይደለም።

ሥራው ይገኛል ወይ ካልሽ፣ ካውንስለር ይበልጥ የተለመደው በሁለተኛ ደረጃ ነው። መምህርነትሽን ሳትለቂ ተማሪ፤ እግረ መንገድሽንም ትምህርት ቢሮ ሄደሽ በአንደኛ ደረጃ መደቡ ስንት ቦታ እንደተፈቀደ ጠይቂ። የግል ትምህርት ቤቶችንም አትናቂ።

ጥያቄ፦ የሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ የሐረር ልጅ። ለተግባር ልምምድ ሆስፒታል ወይስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልምረጥ? ጓደኞቼ ትምህርት ቤት ከገባህ ሻይ እየጠጣህ ነው የምትወጣው ይሉኛል።

መልስ፦ ጓደኞችህ ሁሉ አልተሳሳቱም፤ የሚከታተልህ ሰው ከሌለ ሻይ ጠጥተህ ትወጣለህ። በኋላ ከልጆች ጋር መሥራት ከፈለግህ ግን ትምህርት ቤቱን ምረጥ። ከመግባትህ በፊት በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ ሥራህን የሚያይልህ ሱፐርቫይዘር ማን እንደሆነ ስሙን ጠይቅ፤ «እናያለን» ካሉህ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ሌላው፣ ጋዋን አትልበስ። ልጆቹ ነጭ ጋዋን ሲያዩ መምህር መጣ ብለው ነው የሚቆሙት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሜዳ ላይ ዋል፤ በእረፍት ሰዓት ማን ብቻውን ግድግዳ ተደግፎ እንደሚቆም ከየትኛውም መጠይቅ በላይ ይነግርሃል። ወላጅ መጥራት ካለብህ ደግሞ ጠዋት ጥራ። ከሰዓት በርጫ ነው፤ የሚቅም ወላጅ ቢመጣልህ እንኳ ልቡ እዚያው ነው።