አሸዋማ ማሳ ላይ የሚገኘው ባለነጭ ነጥብ ጥቁር ጢንዚዛ

ጥያቄ፦ አዳማ ዙሪያ አሸዋማ ማሳ አለኝ። አዛውሬ የተከልኩት የቲማቲም ችግኝ ሌሊት ከሥሩ እየተቆረጠ ያድራል። እዚያው ነጭ ነጥቦች ያሉት ትልቅ ጥቁር ጢንዚዛ አገኘሁ፤ ልጄ ሲይዘው የሚያቃጥል ነገር ረጨበት። መድኃኒት ልርጭ?

መልስ፦ አይርጩ። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ጢንዚዛው አንቲያ ከሚባለው ወገን ይመስላል። ይህ አዳኝ ነው፤ ትልና ሌሎች ነፍሳትን ይበላል እንጂ ችግኝ አይቆርጥም። የረጨው ፎርሚክ አሲድ ስለሆነ በባዶ እጅ አይያዝ፤ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

እሱ መሆኑን ግን ያረጋግጡ። ደረቅ መሬት ላይ ዘርና ሥር የሚበላ ሌላ ጥቁር ጢንዚዛም አለ፤ በቀለም ብቻ መለየት ያሳስታል፤ አንዳንዱም ፈጣን ስለሆነ ሩጫውም አያስተማምንም። የሚያስተማምነው የእግሩ ጫፍ ነው። በስልክ ካሜራ አጉልተው እግሩ መጨረሻ ላይ ያሉትን ትንንሽ አንጓዎች ይቁጠሩ። አዳኙ በስድስቱም እግሮቹ አምስት አምስት አለው፤ ያኛው በኋላ እግሮቹ አራት አራት ብቻ። የእግር ጫፍ በቀላሉ ስለሚሰበር ሁለቱንም የኋላ እግሮች ይዩ። ቀንዱንም ይመልከቱ፦ የአዳኙ ክር የመሰለ ሆኖ በዓይኑና በመንጋጋው መካከል ይነሳል፤ የሌላው መነሻ ግን በጭንቅላቱ ጠርዝ ሥር ተደብቋል።

ለመያዝ የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይቅበሩ፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይዩት። አሸዋ ስለሚንሸራተት ብዙ ጊዜ የኩባያው ከንፈር ብቅ ይልና ጢንዚዛው ዞሮ ያልፋል። ሁለት ኩባያ ደራርበው ቢቀብሩ የውስጡን ብቻ ስለሚያወጡ ጉድጓዱ አይናድም።

ችግኙን የሚቆርጠው ምናልባት ቆራጭ ትል ነው። ጠዋት በተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይፈትሹ፤ ሲነኩት የሚጠቀለል ግራጫ ወፍራም ትል ካገኙ ለቅመው ይግደሉ። በሚተኩት ችግኝ ዙሪያ ታችና ላዩ የተቆረጠ ኩባያ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብተው ይትከሉ። ለሚቀጥለው ተከላ ማሳውን ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀድመው አርሰው ከአረም ያጽዱ፤ ትሉን የምትፈለፍለው የእሳት እራት እንቁላሏን አረም ላይ ትጥላለች፤ ትሉም በዚያ ይቆያል።

ማሳውን በሙሉ ቢረጩ አዳኙም አብሮ ያልቃል። አንቲያ ስለማይበር ካለቀ በኋላ ከሌላ ቦታ በእግሩ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ትክክለኛ ዝርያውን ለማወቅ ሞቶ ያገኙትን 70 በመቶ አልኮል ባለው ጠርሙስ ያስገቡ። ቦታውን፣ ቀኑን፣ የአፈሩን ዓይነትና ሰብሉን በወረቀት ጽፈው አብረው ይክተቱ፤ በእርሳስ ይጻፉት፣ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ጠርሙሱን በልማት ጣቢያ ሠራተኛዎ በኩል ወደ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል።