የባዮቴክ ፓተንት ጠበቃ ምን ተምሮ ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምመልሰው ስለ ባዮቴክኖሎጂ ፓተንት ሥራና ወደ ሙያው ስለሚያስገባው የሳይንስና የሕግ ዝግጅት ነው። የንግድ ምልክትና የሙዚቃ ቅጂ መብት ሌላ ቀን ይሁንልን። ከሁሉ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማመልከቻ ሳይገባ ግኝታችሁን አደባባይ አታውጡ። የኮንፈረንስ ፖስተርም፣ ላይብረሪ የገባ የመመረቂያ ጽሑፍም፣ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ ስላይድም አደባባይ ነው።

ተማሪ፣ አራት ኪሎ፦ ጋሼ፣ ዘንድሮ በማይክሮባዮሎጂ ማስተርሴን እጨርሳለሁ። ስድስት ኪሎ ሄጄ ሕግ ልጀምር ወይስ ፒኤችዲ ልቀጥል?

የሚወስነው የየትኛው አገር ቢሮ ፊት መቆም እንደምትፈልጊ ነው። አሜሪካ ፓተንት ቢሮ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ሳይንስ ነው። በባዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ ወይም በማይክሮባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ካለሽ ለፈተናው ይበቃል፤ ፈተናው 100 ምርጫ ጥያቄ ነው፣ 6 ሰዓት ይፈጃል። ያለፈ ሰው የጥብቅና ፈቃድ ከሌለው ፓተንት ኤጀንት፣ ካለው ፓተንት አተርኒ ይባላል። ኤጀንቱ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ማመልከቻውን ከሚፈትሸው የቢሮው መርማሪ ጋር ይከራከራል፤ ችሎት ግን አይቆምም። ብዙዎቻችሁ የምትስቱት እዚህ ላይ ነው፦ አዲስ አበባ ተቀምጦ መመዝገብ አይቻልም፤ ዜግነት ወይም እዚያ አገር ሕጋዊ ነዋሪነት ይጠየቃል። የአውሮፓው ደግሞ የሳይንስ ዲግሪና በተመዘገበ ባለሙያ ሥር በመደበኛው 3 ዓመት ልምምድ ይፈልጋል፤ የሕግ ዲግሪ አያስገድድም። እዚህ አገር ግን የጥብቅና ፈቃድ ያለ ሕግ ዲግሪ አይታሰብም።

ፒኤችዲን ሕግ አያስገድድም፤ በባዮቴክ በኩል ግን ቀጣሪዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። ጠበቃው ተመራማሪውን መጠየቅ ያለበት ሕግ ትምህርት ቤት የማይሰጠውን ነውና፦ ሙከራው ስንት ጊዜ ተደገመ? ኮንትሮሉ ምን ነበር? በስንት ዲግሪ፣ በምን ፒኤች? «90 በመቶ ተመሳሳይ» ያልከው የዲኤንኤ ወይም የፕሮቲን ቅደም ተከተል በየትኛው ስሌት፣ በሙሉ ርዝመቱ ነው ወይስ በከፊሉ? ሐሳቡን ያፈለቀው ማን ነው፣ የታዘዘውን ብቻ የሠራውስ? የመጨረሻዋ ከባድ ናት። የክፍል ኃላፊ ስለሆነ ብቻ ስሙ ፈጣሪ ተብሎ የገባ ሰው በኋላ ማመልከቻውን አደጋ ላይ ይጥላል።

ጠበቃ፣ ካዛንቺስ፦ ይሄ ግነት ነው። ጠበቃ ሳይንቲስት አማክሮ መጻፍ ይችላል። የግንባታ ክርክር የሚይዝ ሁሉ መሐንዲስ ነው እንዴ?

ተመራማሪ፣ ለገሃር፦ የግንባታ ጠበቃ ቤቱን አይነድፍም። የፓተንት ጠበቃ ግን የመብቱን ወሰን ራሱ ነው የሚጽፈው።

የለገሃሩ ልክ ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመድኃኒት ኩባንያዎቹ አምጄንና ሳኖፊ በተከራከሩበት መዝገብ የወሰነውን እዩ። አምጄን ኮሌስትሮል ለመቀነስ ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ፕሮቲን የሚያግዱ 26 አንቲቦዲዎችን (ዒላማቸው ላይ የሚጣበቁ ፕሮቲኖች) በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው ገለጸ፤ መብት የጠየቀው ግን እዚያው ቦታ ላይ ተጣብቆ ያንኑ ሥራ ለሚሠራ አንቲቦዲ ሁሉ ነው። ፍርድ ቤቱ «ሌላው ባለሙያ የቀሩትን የሚያገኘው ፈትሾና ጥሎ እንደገና በመሞከር ነው» ብሎ ክሌሞቹን፣ ማለትም የመብቱን ወሰን የሚያስቀምጡትን አንቀጾች፣ ሰረዘ። ክሌም የሚሰፋው የላብራቶሪ መረጃው እስከሚሸከመው ድረስ ነው። ልኩን ለማወቅ መረጃውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ክሌሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚጠራ አማካሪ አያድነውም።

ፒያሳ፦ ፓተንት ማውጣት ፈልጌ ነበር። እንዴት ነው?

የምን ፓተንት? የት አገር? ግኝቱ ወጥቷል አልወጣም? እነዚህን ጽፈህ ተመለስ።

ተማሪ፣ አራት ኪሎ፦ ከቆጮ እርሾ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ለይቻለሁ። የኔ ነው ማለት እችላለሁ?

ባክቴሪያውን በተፈጥሮው እንዳለ ከሆነ አሜሪካ ላይ አይሆንም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሚሪያድ የተባለ የጂን ምርመራ ኩባንያ በተከራከረበት መዝገብ፣ ከተፈጥሮ ተነጥሎ የወጣ ዲኤንኤ ስለተነጠለ ብቻ ፈጠራ አይባልም ተብሏል፤ መርማሪዎችም ለሌላው የተፈጥሮ ነገር ይጠቅሱታል። መብት የሚጠየቅበት ሌላ ነው፦ ባክቴሪያው በምን መጠን፣ ከየትኛው ሌላ እርሾ ጋር ተቀላቅሎ፣ የቆጮውን መብላላት ከስንት ቀን ወደ ስንት ቀን እንደሚያወርድ። ዝርያውን በቃል ብቻ መግለጽ ስለማይቻል ለፓተንት ሲባል ረቂቅ ተሕዋስያን ስለማስቀመጥ በሚደነግገው በቡዳፔስት ስምምነት ዕውቅና ባለው ማከማቻ አስቀምጪው፤ ከማመልከቻው ቀን በፊት ገብቶ ቁጥሩ ማመልከቻው ላይ ይጻፋል። ቢያንስ 30 ዓመት ይቀመጣል። አሁን ልብ በይ፦ ማከማቻው ውጭ አገር ነው። ናሙናው ከመውጣቱ በፊት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይያዛል። ቱቦውን ሻንጣ ውስጥ ከትተሽ እንዳትሄጂ።

ፖስተር ልታቀርቢ ከሆነም ቆይ። አደባባይ አታውጪ ብያለሁ።

ስታዲየም አካባቢ፦ እኔ ባለፈው ወር ኮንፈረንስ ላይ አቅርቤዋለሁ። ችግር አለው?

ለዚህ ነው መግቢያው ላይ የጻፍኩት። አሜሪካ ራስህ ካወጣኸው ቀን ጀምሮ ማመልከቻ ለማስገባት 12 ወር ይሰጥሃል። አውሮፓ አይሰጥም፤ አንዴ ከወጣ አዲስ ስለማይባል ያቀረብከው ነገር እዚያ አልቋል። ያላቀረብከው መረጃ ካለ እሱን ይዘህ ዛሬውኑ ባለሙያ ጋ ሂድ።

ፒያሳ፦ ጤፋችንን ፓተንት አድርገው ሲወስዱት ጠበቆቻችን የት ነበሩ?

ሰንጋ ተራ፦ ጤፉን አይደለም፣ ዱቄቱን ነው።

ፒያሳ፦ ያው አይደለም እንዴ? እንጀራ ከዱቄት ነው!

ክሌሙን ሳታነቡ አትከራከሩ። የኔዘርላንዱ ኩባንያ ክሌም የሚለው፣ እህሉ ሲፈጭ የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ ዱቄት ነው። ላብራቶሪ የሠራ ቁጥሩን ያውቀዋል፦ 7 ግራም ዱቄት፣ 25 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቱቦ ውስጥ ተበጥብጦ የሚፈላ ውሃ ላይ ይቀመጣል፤ 60ኛው ሰከንድ ላይ መበጥበጫው ይለቀቃል። ታች እስኪደርስ ያለው ጠቅላላ ሰከንድ ቁጥሩ ነው። እህሉ ውስጥ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ከበዛ ስታርቹ ይሰባበራል፣ ገንፎው ይቀጥናል፣ መበጥበጫው ቶሎ ይወርዳል። ቁጥሩን ለማሳደግ ከአጨዳ በኋላ እህሉን ጥቂት ሳምንታት ማቆየት ይበቃል። እህል ማቆየት ለጤፍ ገበሬ ፈጠራ ነው? ይህን ለመጠየቅ ሳይንሱ ያስፈልጋል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የሄግ ፍርድ ቤት የኔዘርላንዱን ፓተንት ፈጠራዊ ብቃት የለውም ብሎ ሰርዞታል።

የሕጉ ወገን ደግሞ ውሉ ነው። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያና በኔዘርላንዱ ኩባንያ መካከል የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈርሟል። ኩባንያው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ከሰረ፤ ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ አለፈ፣ ግዴታው ግን አብሮ አልሄደም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውል ስትጽፉ «ፓተንቱን የሚረከብ ሁሉ ይህን ግዴታ ይረከባል» የሚል አንቀጽ ይግባ፤ ከአገራችን ቁስ የሚመነጭ ማንኛውም ማመልከቻም አስቀድሞ እንዲነገረን ይጻፍ። የመውደቂያ ቁጥሩ የማይገባው ጠበቃ ክሌሙን አይፈትሽም፤ ኪሳራ ሕግ የማያውቅ ሳይንቲስት ውሉን አይጠብቅም። አንድ ሰው ሁለቱንም ይማር የምለው ለዚህ ነው።

ካዛንቺስ፦ እዚህ አገርስ የእህል ዝርያ ላይ ፓተንት ይሰጣል?

አይሰጥም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የዕፅዋትና የእንስሳት ዝርያን ያስቀራል፤ ዝርያ አዳቃይ የራሱ አዋጅ አለው። ለሌላው ፓተንት 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ይጨመራል።

መርካቶ፦ ደመወዙ ስንት ነው?

አልመልስም።

ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ስድስት ኪሎ፦ ቅደም ተከተሎቼን በወርድ ፋይል አያይዤ ልላክ?

አይሆንም። ከሐምሌ 1 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም አቀፍ ማመልከቻ የሚቀበለው በኤስቲ.26 ደረጃ የተዘጋጀ ኤክስኤምኤል ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ «ፊደል»)፣ 4 እና ከዚያ በላይ አሚኖ አሲድ ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ ይገባል፤ ፕራይመሮችህን (ዲኤንኤ ለማባዛት የምትጠቀምባቸውን አጫጭር ቅደም ተከተሎች) አትርሳ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እነሱ ናቸው። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፋይሉን የሚያዘጋጅና የሚፈትሽ ሶፍትዌር በነፃ ይሰጣል። በኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ በመጀመሪያው ማመልከቻ ያልነበረ ቅደም ተከተል መጨመር ግን አይቻልም።